ከአግዳሚ እስከ ረድፍ
የኢትዮጵያ አየር መንገድ የወንበር አደራደርና የመንገደኛ ብዛት ታሪክ፤ ከጨርጨር ሲታይ

መግቢያ

በቀድሞው ዘመን በግብር አዳራሽ ውስጥ የሰው ማዕረግ የሚታወቀው በተቀመጠበት ቦታ ነበር። ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጠው፣ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠውና ከደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ማንነታቸው ሳይጠየቅ ይለያል። ስለዚህ የመቀመጫ ሥርዓት ከምቾት ይልቅ የመንግሥትና የኑሮ ነገር መሆኑ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ነገር በአውሮፕላን ላይ ነው። ይኸውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተመሠረተበት ከ1938 ዓ. ም. ጀምሮ ወንበሮቹ እንዴት ተደረደሩ፤ በአንድ አውሮፕላን የሚጓዘው ሰው ቍጥር እንዴት አደገ፤ አደራደሩንስ የወሰነው ምንድን ነው፤ የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። የምመለከተውም ከአሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ ከሚባለው ከተማ፣ ሆኜ ነው። ጭሮ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ለሰዎቿ ቅርቡ ድሬዳዋ ነው። አንባቢው «ታዲያ ጨርጨርን ከአየር መንገድ ጋር ምን አገናኘው?» ቢል መልሱን በሦስተኛው ክፍል ያገኘዋል።

1. የባቡርና የመኪና መቀመጫ

ለምዕራብ ሐረርጌ የመጀመሪያው የዘመናዊ ጉዞ ወንበር የባቡር ወንበር ነው። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ. ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ. ም. ነው። ሐዲዱ በቆላው በኩል ስለሚያልፍ የጨርጨር ደጋ ሰዎች ባቡር የሚሳፈሩት ወደ ሚኤሶ ወርደው ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን በገዙበት ዘመን አሰበ ተፈሪ የአውራጃው መቀመጫ ሆና ስትቋቋም፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ አለመራቋ ጠቅሟታል።

ባቡሩ መንገደኛውን በማዕረግ ይከፍል ነበር። የአንደኛው ማዕረግ ወንበር ለስላሳ፣ የሦስተኛው ግን የእንጨት አግዳሚ ነበር። በወንበርና በአግዳሚ መካከል ያለው ልዩነት የልስላሴ ብቻ አይደለም። ወንበር የሚይዘው አንድ ሰው ነው። አግዳሚ ግን «ትንሽ ጠጋ በሉ» ሲባል ሌላ ሰው ይጨምራል። በመኪናም የነገሩ ጠባይ ያው ነው። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከሂርና በጭነት መኪና የሄደ ሰው መቀመጫው ጭነቱ ራሱ ነበር። ዛሬም በመናኸሪያ «ትርፍ» የሚባለው ሰው ያለ ወንበር የሚጓዝ ነው።

እንግዲህ በየብስ የተሳፋሪ ብዛት በሕግ ቢወሰንም በተግባር እንደ ጊዜው ይለጠጣል። በአየር ግን አይለጠጥም። አውሮፕላን ክብደቱ ሳይቈጠር አይነሣም፤ እያንዳንዱ ሰው ቀበቶ ያለው መቀመጫ ሊኖረው ይገባል። የአውሮፕላን ወንበር ታሪክ ሊጠና የሚገባው ስለዚህ ነው። እያንዳንዱ ወንበር አስቀድሞ የተወሰነና የተቈጠረ ውሳኔ ነው።

2. የሲ-47 አግዳሚ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሆነ። አውሮፕላኖቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ 5 ሲ-47 ነበሩ።

ሲ-47 ማለት ዲሲ-3 የሚባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ለጦር ሥራ የተለወጠበት ነው። ዲሲ-3 በሰላሙ ጊዜ ባንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው ወገን አንድ ወንበር እየተደረደረበት 21 ሰው ይይዝ ነበር። ሲ-47 ግን ወለሉ የተጠናከረ፣ በሩም ዕቃ እንዲያስገባ የሰፋ ሲሆን፣ ወታደሮቹ የሚቀመጡት ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር። አየር መንገዳችንም ሥራ ሲጀምር በዚሁ ዐይነት በግድግዳው ላይ በሚታጠፍ አግዳሚ ተጠቅሟል። ሰው በዳርና በዳር ይቀመጣል፤ ዕቃው በመካከል ይታሰራል።

ይህን አደራደር የድህነት ምልክት አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የአገሩ ንግድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበርና። በዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ዋጋ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነበር። ሃያ አንድ ቋሚ ወንበር ተክሎ ግማሹን ባዶ ከማብረር፣ አግዳሚውን አጥፎ ቡና፣ ቆዳ ወይም ፖስታ መጫን ይሻላል። ባለ አግዳሚው አውሮፕላን እንደ ገበያው ሁኔታ አንድ ቀን የሰው፣ አንድ ቀን የዕቃ፣ ብዙ ጊዜም የሁለቱ ሆኖ ይሠራ ነበር።

3. ጫትና ወንበር

የሐረርጌ ደጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኀይሉን የሚያጣ ቅጠል ነው። በግመልና በባቡር፣ ከዚያም በጀልባ ሲጓዝ ባሕር ተሻግሮ ትኩስ ሆኖ መድረሱ አስቸጋሪ ነበር። አውሮፕላን ግን ከድሬዳዋ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ዓደን ይደርሳል። ስለዚህ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በጊዜው በእንግሊዝ እጅ ወደ ነበረችው ዓደን የሚጫነው ጫት ለአየር መንገዱ አስተማማኝ ገቢ ሆነ። የዓደን አስተዳደር በ1949 ዓ. ም. ጫት እንዳይገባ ከልክሎ፣ ክልከላው ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1950 ዓ. ም. ተነሥቷል።

ከዚህ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጭነት የአውሮፕላንን ወጪ ከሸፈነ መንገደኛው የሚይዘው ወንበር በርካሽ ሊሸጥ ይችላል፤ ቢያንስ በረራው አይቋረጥም። የሐረርጌ ገበሬ አውሮፕላን ላይ ባይሳፈርም፣ ያመረተው ቅጠል ቦታ ይዞ ተጉዟል። ያ ቦታም ለአዲሱ አየር መንገድ እግር መትከያ ከሆኑት አንዱ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ስለ አብራሪዎችና ስለ ሹማምንት ብዙ ሲነገር፣ ስለ ጫኚውና ስለ ገበሬው የሚነገረው ጥቂት መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ነገሩ ያለፈ ዘመን ብቻ እንዳይመስለን አንድ ቅርብ ምሳሌ ልጨምር። በ2012 ዓ. ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት መንገደኛ ሲጠፋ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከበርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበሮቹን አስነሥቶ ዕቃ ጭኖባቸዋል። ብዙ የዓለም አየር መንገዶች ሥራ ባቆሙበት ወራት ኩባንያው የቆመው በዚህ ዘዴ ጭምር ነው። የ1938ቱ የአግዳሚ ጥበብ ከሰባ አራት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

4. ማዕረግ በአየር ላይ

እስከ 1944 ዓ. ም. ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚበር ሰው የሚከፍለው የአንድ ማዕረግ ዋጋ ነበር፤ ያም የባለጠጋ ዋጋ ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት አካባቢ የዓለም አየር መንገዶች ተስማምተው «ቱሪስት» የሚባለውን ዝቅተኛ ማዕረግ ጀመሩ። በ1950 ዓ. ም. ደግሞ ከዚያ የረከሰው «ኢኮኖሚ» ተከተለ። በዚህ ማዕረግ ከአንዱ ወንበር ጀርባ እስከ ቀጣዩ ወንበር ጀርባ ያለው ርቀት 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ተወሰነ።

ስሌቱ ግልጽ ነው። የአውሮፕላኑ ርዝመት አይለወጥም። ስለዚህ ዋጋ ለመቀነስ ያለው መንገድ ረድፎቹን ማቀራረብና በአንድ ረድፍ ብዙ ሰው ማስቀመጥ ነው። ዲሲ-6ቢ የሚባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እንደ አደራደሩ ከ54 ሰው ጀምሮ እስከ 102 ሰው ድረስ ይይዝ ነበር። አውሮፕላኑ ያው አንዱ ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1950 ዓ. ም. ገደማ በዲሲ-6ቢ ወደ ፍራንክፈርት በመብረር የአውሮፓን ረዥም ጉዞ ጀመረ።

5. ዠትና የአዲስ አበባ ከፍታ

በ1955 ዓ. ም. ሁለት ቦይንግ 720ቢ መጡ። የልደታ ማረፊያ ለዠት ስለማይበቃ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። በ720ቢ የኢኮኖሚ ክፍል በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ሰው በአንድ ረድፍ ይቀመጣል። ይህ ቍጥር በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። በአየር ደኅንነት ደንብ መሠረት ከመተላለፊያ በአንድ ወገን ከሦስት የበለጠ ወንበር አይደረደርም። አደጋ ሲደርስ ሰው ፈጥኖ እንዲወጣ ነው። ስለዚህ መተላለፊያው አንድ ከሆነ ከስድስት ማለፍ አይቻልም። ከዚህም ጋር ሙሉ መንገደኛ የያዘ አውሮፕላን ግማሾቹ በሮች ቢዘጉ እንኳ በ90 ሴኮንድ ባዶ መሆን አለበት። ምን ያህል ሰው እንደሚጫን የሚወስነው እንግዲህ የወለሉ ስፋት ብቻ ሳይሆን የበሩም ብዛት ነው።

ከዚህም በላይ ለአገራችን የተለየ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ጉልበትና የክንፉ አንሺነት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከባሕር ዳርቻ ሲነሣ የሚችለውን ክብደት ሁሉ ከአዲስ አበባ ይዞ መነሣት አይችልም፤ ከነዳጅ፣ ከጭነት ወይም ከመንገደኛ አንዱን መቀነስ አለበት። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የዋሽንግተን መሥመር ነው። በግንቦት 1976 ዓ. ም. ቦይንግ 767-200ኢአር የተባለው አዲስ አውሮፕላን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ መጥቶ፣ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት የተለመደ ነው፤ መነሻው ከፍታ ነው፣ ነፋሱም ከፊት ይመጣል። ወንበሩ በቍጥር እኩል ሆኖ ሳለ መሄጃውና መመለሻው እኩል አይደለም።

6. የዛሬው ረድፍ

ሁለት መተላለፊያ ያላቸው ሰፋፊ አውሮፕላኖች ሲመጡ የስድስት ገደብ ፈረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ. ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787-8 በቢዝነስ ክፍል 24፣ በኢኮኖሚ 246፣ በጠቅላላው 270 ወንበር አለው። ይህ አውሮፕላን ሲታቀድ በኢኮኖሚው በአንድ ረድፍ ስምንት ሰው እንዲቀመጥ ነበር የታሰበው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ግን ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት አድርገው ዘጠኝ አደረጉት። የወንበሩም ስፋት ወደ 43 ሳንቲ ሜትር ወረደ።

አንባቢው ይህን ያስላ። 246 ለዘጠኝ ሲካፈል 27 ረድፍ ያህል ይሆናል። በየረድፉ የተጨመረችው አንዲት ወንበር እንግዲህ 27 ሰው ታስገባለች። ይህ ቍጥር አንድ ሙሉ ዲሲ-3 ከሚይዘው ከ21 ይበልጣል። ሰው ትከሻውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሰብሰብ ስላደረገ ብቻ የአያቶቻችን ዘመን አንድ አውሮፕላን ከነመንገደኛው በውስጡ ገብቷል። በጥቅምት 2017 ዓ. ም. የመጣው ኤርባስ ኤ350-1000 ደግሞ 46 የቢዝነስና 349 የኢኮኖሚ፣ በጠቅላላው 395 ወንበር ሲይዝ፣ የዲሲ-3ን ዐሥራ ዘጠኝ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የወንበር አደራደር የአገር ንግድ መልክ ነው፤ ጭነት ሲበዛ አግዳሚ ይታጠፋል፣ ሰው ሲበዛ ረድፍ ይጠብባል። ሁለተኛ፣ የወንበሩን ቍጥር የሚወስነው የባለ ኩባንያው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የበሩ፣ የሕጉና የመሬቱ ከፍታ ነው። ሦስተኛ፣ የወንበር መጥበብ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም።

ይህን ሦስተኛውን ነገር ሳልከራከርበት ማለፍ አልወድም። ስለ አውሮፕላን ወንበር በውጭ አገር የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ እሮሮ ነው፤ ጉልበት ተጣበበ፣ ትከሻ ተገፋ የሚል። እሮሮው እውነት ነው፤ በዐሥራ ሦስት ሰዓት ጉዞ ሰውነትን የሚጎዳ መቀመጫም ሊመሰገን አይገባም። ነገር ግን በእንጨት አግዳሚና በጭነት ላይ ተቀምጦ የሄደ አገር ልጅ ጥያቄውን ከሌላ ወገንም ሊያየው ይገባል። ወንበሩ ሰፊ በነበረበት ዘመን የሚቀመጥበት ማን ነበር? ዛሬ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ወጣት፣ ለሐጅ የሚነሣ ሽማግሌ፣ በውጭ አገር ያለ ልጇን ለመጠየቅ የምትሄድ እናት የሚሳፈሩት ያ ዘጠነኛ ወንበር ስላለ ነው።

የሆነ ሆኖ ወንበር መብዛቱ ብቻ አይበቃም። ከጭሮ፣ ከገለምሶ ወይም ከሚኤሶ የሚነሣ ሰው አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ለመድረስ በመኪና ረዥም መንገድ ይሄዳል። ከታኅሣሥ 2010 ዓ. ም. ጀምሮ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ በኩል ማለፉ ለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ስለ መሣሪያው አዲስነት ከመደነቁ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ያው የግብር አዳራሹ ጥያቄ ነው፤ ማን ተቀመጠ፣ ማንስ ከደጅ ቀረ?