በየዓመቱ የምንወጣው ጋራ

ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር ጻፉ በተባልን ጊዜ የመረጥነው ርእስ እንጦጦ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ እኛ አብሮ አደጎች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀል በዋለ በመጀመሪያው እሑድ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግራችን ወደ ጋራው እንወጣለን። ስንጀምር ስምንት ነበርን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ቀርተናል፤ በዚያን ጊዜ ስምንት ወጣት ተሰብስቦ ጫካ ሲገባ ቢታይ ምን ይከተል እንደነበር ለእኩዮቻችን መንገር አያሻም።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ነው እንጦጦ ላይ የከተሙት። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ ያሳያል፤ ለጦር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በአጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥት ከጭቃና ከእንጨት ተሠርቶ ኖራ የተቀባ ነው። ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ «ይኼ ነው እንዴ?» ይላሉ። አዎን፣ ይኼው ነው።

ታዲያ ከተማው ለምን ወረደ? በዚህ ጉዳይ በየዓመቱ እንከራከራለን። አንዱ ጓደኛችን እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ስለ ወደዱ ነው፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ከንቱ ነው ባይ ነው። እቴጌይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ማለታቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን ሌሎቻችን እንደምንለው፣ ፍል ውሃ ብቻውን ያን ሁሉ ሠራዊት አያወርድም። ጋራው ላይ ብርዱና ንፋሱ ይጠብሳል፤ ጥዱና ወይራውም ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ እያለቀ ነበር።

ችግሩ ከከተማው ጋር አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነው እሱ ነው። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳነው ባሕር ዛፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስሙ እንደሚነግረን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ፣ ምኒልክ ችግኙን በትንሽ ዋጋ ስላደሉና ዛፉ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ ስላደረጉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተስፋፋ። ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ክፉ ጎንም አለው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፣ በክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል።

በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም የማይነሣ ነገር አለ፤ ይኸውም ያን ማገዶ ወደ ከተማ ያወረደው ማን ነው የሚለው ነው። እኛ በየዓመቱ ስንወጣ ከ30 ኪሎ የማያንስ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ ሴቶች እናገኝ ነበር። መንገድ እንለቅላቸዋለን። ብዙዎቻችን ያደግንበት እንጀራ በነሱ ቅጠል የተጋገረ ነው እኮ!

ጫፉ ላይ ስንደርስ ስንቃችንን እንፈታለን። ሰማዩ ከጠራ ወደ ደቡብ የረር፣ ዝቋላና ፉሪ፣ ወደ ምዕራብ ወጨጫ ይታያሉ። ሌላም የምንወደው ነገር አለ፤ በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበና አድርጎ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። አንዱ አፋር በረሃ ይቀራል፣ ሌላው ግብጽ ይደርሳል።

አሁን ስድስት ቀርተናል፤ ሁለቱን ይኸው ዕድራችን ድንኳን ጥሎ ቀብሯቸዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ተስተካክሏል፣ መኪናም እላይ ድረስ ይወጣል። የፍል ውሃው ተከራካሪ ባለፈው ዓመት ጉልበቱ እምቢ ስላለው በመኪና ወጥቶ እላይ ጠበቀን፤ ክርክሩን ግን አልተወም። በመኪና መውጣት ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ለሁለት ተከፍለን ነበር፤ በአብላጫ ድምፅ ይቆጠራል ተብሏል።

ለመጪው መስቀል ማግስት እሑድ አብሮን መውጣት የሚፈልግ አባል፣ በተለይ ወጣቶች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ያገኘናል። ቆሎና ውሃ ይዞ ይምጣ፤ ጋቢም አይርሳ።