የኪስ ሒሳብ መኪና ታሪክ

የሰው ልጅ በጣቱ፣ በጠጠርና በእንጨት ጭረት እየቈጠረ ብዙ ዘመን ኖረ። የቍጥርን ድካም ለመሣሪያ ለማሸከም ያሰበውም ዛሬ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል አባቱ በግብር ሒሳብ ሲደክም አይቶ ባለ ጥርስ መዘውር መደመሪያ መሥራት የጀመረው በ1642 ዓ.ም. ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከኤሌክትሮኒኩ አስቀድሞ በእጅ የሚያዝ የሒሳብ መኪና ነበረ። የቪየናው ተወላጅ ኩርት ሄርትስታርክ በ1943 ዓ.ም. በቡኸንቫልድ የናዚዎች የግዞት ሰፈር ታስሮ ሳለ፣ በልቡ የቈየውን የመኪና ንድፍ በዚያ መከራ መካከል በወረቀት ላይ አሰፈረ። ከጦርነቱ በኋላ መኪናዋ «ኩርታ» ተብላ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሊክተንስታይን ተሠራች። ቅርጿ ትንሽ የቅመም መፍጫ ትመስላለች፤ እጀታዋ በተዞረ ቍጥር ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፣ በድግግሞሽም ታባዛለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራዋ የተቋረጠው ግን ተበላሽታ ሳይሆን የሚተካት ስለ መጣ ነው።

የተተኪው መነሻ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቀናጀውን የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት የሠራው ጃክ ኪልቢ፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ አለቃ ፓትሪክ ሃገርቲ ባቀረበለት አሳብ መሠረት በ1965 ዓ.ም. አዲስ ሥራ ጀመረ። ከጄሪ ሜሪማንና ከጄምስ ቫን ታሰል ጋር ሆኖም በ1967 ዓ.ም. «ካል ቴክ» የተባለውን የመጀመሪያ አምሳያ ፈጸመ። መኪናው አራቱን የሒሳብ መደቦች ይሠራ ነበር፤ መልሱንም በጠባብ ወረቀት ላይ በሙቀት ያትም ነበር። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ይበልጥ ስለ ነበረ ለእጅ እንጂ ለኪስ አልሆነም። ያ አምሳያ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም በክብር ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የነገሩ ሂደት እጅግ ፈጠነ። በ1970 ዓ.ም. የጃፓኑ ካኖን በዚሁ አሳብ «ፖኬትሮኒክ»ን ለገበያ አወጣ። በ1971 ዓ.ም. ቢዚኮም ዋናው ሥራ በአንድ ቺፕ ላይ የተጠቃለለበትን፣ በቀይ ብርሃን ቍጥር የሚያሳይ የኪስ መኪና አቀረበ። በ1972 ዓ.ም. የካሲዮ ሚኒ በጃፓን በ12,800 የን ተሸጠ፤ በእንግሊዝ ክላይቭ ሲንክሌር እጅግ ስስ የሆነውን «ኤግዜኪዩቲቭ»ን ሠራ። በዚያው ዓመት ሂውሌት ፓካርድ ኤች ፒ 35ን በ395 ዶላር አወጣ። ስሙን ያገኘው ከ35 ቍልፎቹ ነው፤ ሎጋሪትምንና ትሪጎኖሜትሪንም ይሠራ ስለ ነበር፣ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበትን ስላይድ ሩል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጠረጴዛ አስነሣው።

ርካሽነት መጥቶ መኪናው በየቤቱ ሲገባ አሮጌዎቹ ተጣሉ። ከጥፋት ያዳኗቸው በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰብሳቢዎች ናቸው። ጠንቃቃ ሰብሳቢ አሮጌ መኪና በእጁ ሲገባ አስቀድሞ የሚከፍተው የባትሪውን ቤት ነው፤ ያረጀ ባትሪ ፈሳሹን አፍስሶ መዳብን ይበላልና። ያንን ዝገት በጥቂት ኮምጣጤ ጠርጎ ያደርቀዋል። ቀጥሎም በቺፑ ላይ የታተመውን ቍጥር ያነባል። 7234 የሚል የቀን ምልክት ቢያገኝ፣ ቺፑ በ1972 ዓ.ም. በ34ኛው ሳምንት እንደ ተሠራ ያውቃል፤ እንግዲያስ መኪናው ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም።

ሦስተኛው ምርመራ በሒሳብ ነው። 9 ዲግሪን አስገብቶ ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት በተራ ካሰላ በኋላ፣ ከመጨረሻው ጀምሮ በተገላቢጦሽ ሲመልሰው መልሱ ያው 9 መሆን ይገባዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቺፕ ትርፉን አኀዝ በየራሱ መንገድ ስለሚቈርጥ መልሱ በጥቂቱ ይዛነፋል፤ ከመዛነፉም የቺፑ ዘር ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ያለበት የኤች ፒ 35 ነገር ነው። ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በአንዳንዶቹ የ2.02 የተፈጥሮ ሎጋሪትም ተወስዶ ወደ ቀድሞው ቍጥር ሲመለስ፣ 2.02 በመውጣት ፈንታ 2 ይወጣ ነበር። ኩባንያው ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ ለገዢዎቹ ገልጾ መኪናቸውን እንደሚለውጥላቸው አስታወቀ፤ ብዙዎች ግን ሳይመልሱት ቀሩ። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለገው ያልታረመው ነው። በ1974 ዓ.ም. የወጣው ሲንክሌር ሳይንቲፊክም እንዲሁ የቺፑ ቦታ ጠቦት፣ እንደ ፓይ ያሉት ቋሚ ቍጥሮች በሽፋኑ ላይ ታትመው ተጠቃሚው ራሱ እያነበበ እንዲያስገባቸው ተደረገ።

የመኪናው መስፋፋት በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶች ልጁ የማባዛት ሠንጠረዡን ይረሳል ብለው ፈሩ፤ ሌሎች ከድካም ዐርፎ ለማስተዋል ጊዜ ያገኛል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1980 ዓ.ም. የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት መኪናው በየክፍሉ እንዲገባ አሳሰበ። በ1982 ዓ.ም. በእንግሊዝ የወጣው የኮክክሮፍት ዘገባም መሣሪያው መኖሩ የተጠቃሚውን የሒሳብ ማስተዋል አስፈላጊነት ከቶ እንደማይቀንስ አስገነዘበ።

የአሮጌው መኪና ምስክርነትም ከዚህ ጋር ይስማማል። 2.02 ገብቶ 2 ሲወጣ ስሕተት መሆኑን መኪናው አላወቀም፤ ያወቀው መልሱ ምን ሊሆን እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። መኪና የሠሪውን ዕውቀት እንደሚሸከም ሁሉ ጕድለቱንም ይሸከማል። ስለዚህ ተማሪው ቍልፉን ከመጫኑ በፊት መልሱን በግምት እንዲናገር ማልመድ ከመምህሩ የሚጠበቅ ሥራ ነው። ያረጀች መኪና በክፍል ውስጥ ብትገኝም ለጌጥ አትቀመጥ፤ ተከፍታ ትታይ፣ ተጠይቃም ትመርመር።