ያልተቆጠረው መነሻ፦ በኦቲዝም ስለሚታየው የአካል ውጥረትና ስለ ሕክምናው የቀረበ ሙግት

የዚህ መጣጥፍ ሙግት በአንድ ስሌት ላይ ነው። ሳሊ ሮጀርስና ሳሊ ኦዞኖፍ በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰፊ የዳሰሳ ጥናት አሳትመዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አካል ከልክ በላይ የተነቃቃ ነው የሚለው የቆየ መላምት በቂ ማስረጃ የለውም፤ እንዲያውም ማስረጃው ይበልጥ የሚያዘነብለው ምላሻቸው ዝቅ ያለ ነው ወደሚለው ነው ሲሉ ደምድመዋል። ሥራው ጥንቃቄ ያልጎደለው ነው፤ ክብደት የተሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁንና ደራሲዎቹ የምላሽን ማነስና የመነቃቃትን ማነስ እንደ አንድ ነገር ቆጥረዋል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነቱም ከቤተ ሙከራ የማይወጣ የባለሙያዎች ጉዳይ አይደለም፤ ልጁ እጁን ሲያርገበግብ እጁን እንያዘው ወይስ ክፍሉን ጸጥ እናድርግለት የሚለው ውሳኔ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

የዘርፉን ታሪክ አልዘረዝርም። ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጽሑፍ ድምፅና ለውጥ እንዴት እንደሚያስደነግጧቸው መዝግቧል። ብሩኖ ቤተልሃይም ጥፋቱን በእናቶች ላይ ለጥፎ ብዙ ቤተሰብ አሳዝኗል። በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ጉዳዩን ወደ አንጎል መልሶታል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው።

በዚያው በ1964 በኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አጭር ጽሑፍ ግን ተጠቅሶ ከሚታለፍ ቢነበብ ይሻል ነበር። ጆን ሃት፣ ኮሪን ሃት፣ ሊ እና ክሪስቶፈር አውንስትድ ሥራቸውን ያከናወኑት በፓርክ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ልጆቹን ወንበር ላይ አስቀምጠው አልለኩም፤ የአንጎል ሞገዳቸውን በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ አስይዘው በክፍሉ ውስጥ እንደ ልባቸው እንዲንቀሳቀሱ ለቀቋቸው። በዚህና በተከታዩ ዓመት ባሳተሙት ሥራ ክፍሉን በየደረጃው ይለዋውጡት ነበር፦ መጀመሪያ ባዶ፣ ቀጥሎ መጫወቻ ብሎኮች የተቀመጡበት፣ ከዚያ ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ያለበት፣ በመጨረሻም አዋቂው ልጁን ለማጫወት የሚሞክርበት። ክፍሉ ውስብስብ እየሆነ በሄደ ቁጥር እጅ እንደ ማርገብገብ ያለው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ጨመረ፤ ከሁሉም ያነሰው በባዶው ክፍል ነበር። የአንጎል ሞገዱም ዝቅ ያለና ወጥነት የሌለው፣ ተመራማሪዎቹ የከፍተኛ መነቃቃት ምልክት ነው ብለው ያነበቡት ዓይነት ነበር። ኮሪን ሃትና አውንስትድ በ1966 ደግሞ የሰውና የእንስሳት ፊቶችን በማቆሚያ ላይ አድርገው ክፍሉ ውስጥ አኖሩ፤ ልጆቹ ከሰው ፊት ይልቅ ከእንስሳቱ ፊትና ከክፍሉ ዕቃዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ አሳለፉ። የዓይን ሽሽቱ ፍቅር ማጣት ሳይሆን ጫናን መቀነሻ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ብልሃት መሣሪያው አልነበረም፤ ባዶው ክፍል ነበር። ልጁ ምንም ሳይጠየቅ ምን ላይ እንዳለ አስቀድመው አዩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ጥናት ይህን ደረጃ ዘሎታል።

ወደ ሮጀርስና ኦዞኖፍ ልመለስ። 48 በመረጃ ላይ የተመሠረቱና 27 ንድፈ ሐሳባዊ ጽሑፎችን መርምረዋል። ስለ አካል አሠራር የሚናገሩት ጥቂት መሆናቸውንና ድክመታቸውን አልሸሸጉም፤ ይህን መካድ ፍትሕ ማጓደል ነው። ነገር ግን በዘርፉ የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው፦ ልጁ ዝም ብሎ ሳለ የልብ ምቱ ወይም በቆዳው ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ይለካል፤ ድምፅ ይሰማል ወይም ብርሃን ይበራል፤ እንደገና ይለካል፤ ከሁለተኛው የመጀመሪያው ይቀነሳል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ «ምላሹ ዝቅተኛ ነው» ይባላል። የተቀነሰው ቁጥር ራሱ ምን ያህል ነበር? ብዙ ጊዜ አንባቢው አያገኘውም፤ ቢያገኘውም የሐተታው ርዕስ አይሆንም። የእንጦጦን ዳገት ሮጦ የወጣን ሰው ከኋላው መጥታችሁ ብታስደነግጡት የልብ ምቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ይህን አይቶ ሰውየው እርጋታ የተሞላ ነው የሚል ሐኪም አይገኝም። ጆሴፍ ዋይልደር በ1931 የመነሻ ልኬት ሕግ ብሎ ያቀረበው ይህንኑ ነው፦ መነሻው ከፍ ባለ ቁጥር ጭማሪው ያንሳል።

በዚያ ላይ «ዕረፍት» ተብሎ የሚመዘገበው ጊዜ ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ልጁ ወደማያውቀው ሕንፃ ገብቷል፤ የማያውቀው ሰው ጣቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ለጥፎበታል፤ አትንቀሳቀስ ተብሏል። በለውጥ የሚታወክ ልጅ በዚህ ሁኔታ ዐርፏል ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ሽቦውን ጨርሶ ያልተቀበለው፣ ነቅሎ የጣለውና የጮኸው ልጅ «መረጃው ያልተሟላ» ተብሎ ከሠንጠረዡ ይወጣል። እጅግ የተነቃቁት በር ላይ ቀርተው ከውስጥ በቀሩት አማካይ መነቃቃት የለም ማለት እንዴት ይቻላል?

መነሻው ሲቆጠር የሚታየው ሌላ ነው። ማቲው ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ2006 ኦቲዝም ያለባቸውን 5 ሰዎች ከሌሎች 5 ጋር ሲያነጻጽሩ፣ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ መነሻ ጋር አመዛዘኑ። ከፍተኛ ድምፅና ከባድ ሥራን ለመሰሉ አስጨናቂ ሁኔታዎች ኦቲዝም ያለባቸው ጉልህ ምላሽ የሰጡት 22 በመቶ ጊዜ ብቻ ሲሆን የሌሎቹ 60 በመቶ ነበር። የሮጀርስና ኦዞኖፍን ድምዳሜ የያዘ ሰው እዚህ ላይ አንብቦ ቢያቆም ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው የእነዚሁ ሰዎች የልብ ምት በአብዛኛው የሙከራው ክፍል ከሌሎቹ በአማካይ በደቂቃ 20 ያህል ከፍ ብሎ ነበር። የምላሹ ማነስና የመነሻው ከፍታ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ብላይዝ ኮርቤት ኮርቲሶል በተባለው የውጥረት ሆርሞን ላይ ያደረገቻቸው ጥናቶችም ወደዚሁ ያመራሉ። በ2006 የማስመሰያ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ የገቡ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ኮርቲሶላቸው ከፍ አለ፤ በ2008 ሥራዋ ግን ይህ ምላሽ አልተደገመም። ተቺዎች ይህን እንደ ሽንፈት ያነሱታል። በሁለተኛው ጥናት የታየው ግን ልጆቹ ለዳግም ጉብኝት ሲመጡ፣ ገና ማሽኑ ሳይቀርብ፣ ሆርሞኑ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ውጥረቱ ከሙከራው በፊት ደርሶ ይጠብቃል ማለት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች በአጭሩ ይመለሱ። ሚርቴክና ፎርስተር በ1986 የዋይልደር ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የስታቲስቲክስ ጥላ እንጂ የአካል ሕግ አይደለም ብለዋል። ይሁን፤ የስታቲስቲክስ ጥላ ግን የአንድን ቡድን የልብ ምት በ20 ከፍ አያደርግም። ገርሾን በርክሰን ደግሞ በ1960ዎቹ በተቋም በሚኖሩ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ተደጋጋሚው እንቅስቃሴ የሚነካ ዕቃ ሲገኝ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ከኦክስፎርዱ ውጤት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን በባዶ አዳራሽ ዓመታት ያሳለፈ ሰው መሰልቸት የሌላ ጥናት ርዕስ ነው። ናሙናዎቹ ትንንሽ መሆናቸው፣ መድኃኒትና እንቅስቃሴም የልብ ምትን እንደሚለውጡ አልክድም፤ ሰፋ ያለ ጥናት ያስፈልጋል። ይህ ማሳሰቢያ ግን ለተቃራኒው ወገን እኩል ይሠራል።

ሕክምናው ላይ ስንደርስ ክርክሩ ሥጋ ይለብሳል። ኢቫር ሎቫስ በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር የኤሌክትሪክ ንዝረትን ለማስተማሪያነት የተጠቀመበትን ሥራ አሳትሟል። በ1987 ደግሞ በሳምንት 40 ሰዓት ከሠለጠኑ 19 ልጆች 9ኙ በመደበኛ ትምህርትና በአእምሮ መለኪያ ከእኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ አለ፤ ከዘዴዎቹ መካከል በከፍተኛ ድምፅ «አይሆንም» ማለትና ጭን ላይ መምታት ይገኙበታል። በዚያው ዓመት ከኒውሶምና ከሂክማን ጋር ተደጋጋሚው እንቅስቃሴ ለስሜት ሕዋሳት በሚሰጠው ደስታ ራሱን የሚሸልም ጠባይ ነው ሲል ጻፈ። እንዲያ ከሆነ ደስታ የሚገኝበት ሌላ ነገር በሌለበት በባዶው የኦክስፎርድ ክፍል እንቅስቃሴው ሊጨምር ይገባው ነበር። ቀነሰ። ለዚህ ከሎቫስ ወገን ያሳመነኝ መልስ አላነበብኩም።

በ2001 ሂርስታይን፣ ኢቨርሰንና ራማቻንድራን ባወጡት ጥናት ልጆቹ ለእናታቸው ፊት ለወረቀት ኩባያ ከሚሰጡት የበለጠ የቆዳ ምላሽ አለመስጠታቸው ብዙ ተወርቶለታል። ከዚያው ጥናት ያነሰ የተነገረለት ክፍል ይበልጥብኛል፦ ልጆቹ ሰውነታቸው ሲነቃቃ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴዎቻቸው ያረግቡት ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ማርገቢያ ሳይሰጡ እንቅስቃሴውን መከልከል በሽተኛውን መድኃኒቱን መቀማት ነው።

ማርገቢያውም አለ። በፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ፣ ጁን ግሮደን ከጆሴፍ ካውቴላ ጋር በ1978 የጡንቻ ማላላት መመሪያ አውጥታለች፤ ልጁ ውጥረቱ ጫፍ ሳይደርስ እንዲተነፍስና እንዲላላ ይለማመዳል። ቴምፕል ግራንዲን በወጣትነቷ ለራሷ የሠራችው ማቀፊያ ማሽን በ1999 በኤደልሰንና ባልደረቦቹ በ12 ልጆች ላይ ተሞክሯል፤ ውጥረትን ቀንሷል፤ ተመራማሪዎቹም ጥቅሙ በተለይ መነቃቃታቸው ወይም ጭንቀታቸው ከፍ ላለ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። እንደገና መነሻው። ሪስፐሪዶን የተባለው መድኃኒት በ2002 በተደረገው ባለ 101 ልጆች ሙከራ ከ8 ሳምንት በኋላ 69 በመቶውን ሲያሻሽል የማስመሰያው ክኒን 12 በመቶውን ብቻ ማሻሻሉ እውነት ነው። ስኬቱ የተመዘነው ግን በብስጭት መጠይቅና በሐኪም ግምት ነው፤ የልጁ አካል ዐርፎ እንደሆነ ያ መለኪያ አይናገርም። የክብደት መጨመሩም በአማካይ 2.7 ኪሎ ነበር።

እያንዳንዱን ልጅ ከራሱ መነሻ ጋር ማመዛዘን የሚሰጠው ጥቅም በኋላም ታይቷል። ጉድዊን በ2019 በ20 ታዳጊዎች የእጅ አንጓ ላይ ባሰረው መሣሪያ የ3 ደቂቃ መረጃ ተመልክቶ ጥቃት ከመነሣቱ 1 ደቂቃ አስቀድሞ መተንበይ ችሏል። ለሁሉም የተሠራው ቀመር የትክክለኛነት መለኪያው 0.71 ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ ከራሱ መረጃ የተሠራው 0.84 ነበር።

ለሮጀርስና ለኦዞኖፍ የምተውላቸው አንድ ነገር አለ። በ2001ዱ የሂርስታይን ጥናት ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ ራሳቸውን ሲጎዱ ካልሆነ በቀር ቆዳቸው ምንም ምላሽ የማያሳይ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ የዝቅተኛ መነቃቃት መላምት ሊሠራ ይችላል፤ ጸጥ ያለ ክፍልም የተሳሳተ ሕክምና ሊሆንባቸው ይችላል። ራስን መጉዳት ግን በተነቃቁትም ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ጠባዩን ብቻ ያየ ባለሙያ ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው በሚያውቁት ክፍል፣ ገና ምንም ሳይጠየቁ የሚወሰድ ልኬት ነው።