የባልንጀራ ክሕደትና ምክንያቱ፦ ተርሎ በ«ዶክተር ሁ» ታሪክ

ባልንጀራ መስሎ ተጠግቶ የሚከዳ ሰው በየሕዝቡ ታሪክና ተውኔት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ስፍራ ያለው ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ደራስያን ክሕደቱን እንጂ የክሕደቱን ምክንያት አይመረምሩም፤ ገንዘብ አታለለው፣ ወይም ቅንዓት አሳወረው ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። የእንግሊዝ ማሰራጫ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከኖቬምበር 23 ቀን 1963 ጀምሮ በቴሌቪዥን ያሳየው «ዶክተር ሁ» የተባለው ሳይንሳዊ ተከታታይ ተውኔት ግን፣ ቪስሎር ተርሎ በሚባል አንድ ወጣት አማካይነት፣ ሰውን ባልንጀራውን እስከ መግደል የሚያነሣሣው ነገር ምን እንደ ሆነ ከአንድ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ገልጦ አሳይቷል፤ ስለዚህም ነገሩ በጥሞና ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የዚህ ተውኔት ዋና ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ታርዲስ በተባለችና ከውጭ ሲያዩአት የእንግሊዝ ፖሊስ የስልክ ሣጥን በምትመስል መንኮራኩር በዘመንና በሕዋ መካከል የሚመላለስ፣ ዶክተር የሚሉት ተጓዥ ነው። ከልጅ ልጁ ከሱዛንና ከሁለቱ የለንደን አስተማሪዎች ከኢያንና ከባርባራ ጀምሮ፣ ዶክተሩ ባልንጀሮችን አስከትሎ መጓዙ የተውኔቱ ልማድ ሆነ፤ የባልንጀራውም ግብር ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚወደውን መጠየቅ፣ ከአደጋ መውደቅና መዳን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታማኝ መሆን ነበር። ይሁንና በዚያ በመጀመሪያው ታሪክ የሚያጠራጥረው ዶክተሩ ራሱ ነበረ፤ በዲሴምበር 7 ቀን 1963 በታየው በሦስተኛው ክፍል፣ የቆሰለ የዋሻ ዘመን ሰው ሽሽታቸውን ቢያዘገይባቸው ዶክተሩ ስል ድንጋይ አነሣ፣ ኢያንም እጁን ይዞ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ከለከለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ዶክተሩ የምሕረት ሰው እየሆነ ሲሄድ፣ የባልንጀራ ታማኝነትም ማንም የማይጠራጠረው ሕግ ሆነ።

ይህን ሕግ የሚያፈርሰው ሰው የመጣው በሃያኛው የትርኢት ዘመን፣ ጆን ናታን ተርነር አዘጋጅ፣ ፒተር ዴቪሰንም ዶክተሩን ሆኖ ተዋናይ በነበረ ጊዜ ነው። ፒተር ግሪምዌድ ደርሶት በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1983 መታየት በጀመረው ታሪክ፣ ማርክ ስትሪክሰን የተጫወተው ተርሎ ከሌላ ዓለም መምጣቱን ሰውሮ በአንድ የእንግሊዝ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሚማር፣ ምድርንና ትምህርት ቤቱን አምርሮ የሚጠላ ወጣት ሆኖ ይታያል። የሂሳብ አስተማሪውን አሮጌና ውድ አውቶሞቢል ሰርቆ ሲነዳ ተጋጭቶ ራሱን በሳተ ጊዜ፣ ጥቁሩ ጠባቂ የሚሉት ኃያል መንፈስ ተገልጦ ቃል ኪዳን ያቀርብለታል፤ ዶክተሩን ግደል፣ እኔም ከዚህች ምድር አወጣሃለሁ የሚል ነው። ጥቁሩ ጠባቂ ዶክተሩን የሚጠላው በ1979 በታየ ታሪክ የዘመን ቁልፍ የተባለውን ኃይለኛ ዕቃ ስለ ነፈገው ሲሆን፣ በግድያው የራሱ እጅ እንዲታይበት ስለማይፈልግ የሰው እጅ ያስፈልገው ነበር። ቃል ኪዳኑን የሚያስታውስና የሚያስጨንቅ ብርሃናዊ ድንጋይም ሰጠው፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲፈጸምም ተርሎ ሥራ ላይ ባጎነበሰው በዶክተሩ ራስ ላይ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ቆመ። በ1963 ዶክተሩ በሌላ ሰው ላይ ያነሣው ድንጋይ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በራሱ ላይ ተነሣ ማለት ነው።

ተርሎን ለዚህ ያደረሰው ጥላቻ አልነበረም፤ ዶክተሩን ከዚያ በፊት አያውቀውምና። ካገሩ የወጣ ሰው እንደ አህያ ቢጭኑት፣ እንደ ፈረስም ቢለጉሙት እሺ ብሎ እንደሚሸከም አባቶቻችን በተረታቸው ተናግረዋል፤ ተርሎም እንዲሁ የአገር ናፍቆት የለጎመው ስደተኛ ነበር። ቃሉን ከሰጠ በኋላ ደግሞ ናፍቆቱ ላይ ፍርሃት ተጨመረ፤ ዶክተሩን ባወቀው መጠን እጁ ዛለ፣ እጁ በዛለ መጠን ጌታው አሠቃየው። በሁለተኛው ታሪክ የታርዲስን ሥራ አበላሸ፤ ከዶክተሩ ባልንጀሮች አንዷ ቲጋን ስትጠረጥረው፣ ዶክተሩ ግን አላባረረውም።

ባርባራ ክሌግ የደረሰችውና በማርች 1983 የታየው ሦስተኛው ታሪክ የነገሩ ፍጻሜ ነው። በፕላኔቶች መካከል የጥንት የባሕር መርከቦች ሸራቸውን ዘርግተው ይሽቀዳደማሉ፤ ሽልማቱም አብርሆት ነው። ተርሎ ከገባበት ቃል ማምለጫ ቢያጣ ተስፋ ቆርጦ ከመርከቡ ወደ ባዶው ሕዋ ራሱን ወረወረ፤ ሌላ መርከብም አነሣው። በመጨረሻ በጥቁሩ ጠባቂና በተቃዋሚው በነጩ ጠባቂ ፊት ቆሞ ታላቅ አልማዝ ቀረበለት፤ ዶክተሩን አሳልፎ ቢሰጥ የርሱ ሊሆን ነው። እርሱ ግን አልማዙን በጥቁሩ ጠባቂ ላይ ወረወረው፣ ጠባቂውም በእሳት ነዶ ጠፋ። ዶክተሩም አብርሆቱ አልማዙ ሳይሆን ምርጫው መሆኑን አስረዳ።

የስደቱ ምክንያት የተገለጠው ግን ግሪምዌድ ዳግመኛ በደረሰውና በእሳተ ገሞራ ምድር በላንዛሮቴ ደሴት በተቀረጸው የ1984 ታሪክ ነው። ተርሎ በአገሩ በትራዮን የርስ በርስ ጦርነት ወገኑ የተሸነፈበት፣ እናቱ የሞተችበት፣ አባቱና ወንድሙ ወደ ሌላ ዓለም፣ እርሱ ደግሞ ወደ ምድር የተጋዙበት የፖለቲካ እስረኛ ነበር። ወንድሙንና የዚያን ዓለም ሕዝብ ለማዳን፣ እንደሚያዝ እያወቀ፣ የአገሩን መንግሥት መርከብ ጠራ፤ መርከቡም ሲደርስ የግዞቱ ፍርድ መሻሩን ሰማና ወደ አገሩ ተመለሰ። አስቀድሞ አገሩን ለማግኘት የሰው ነፍስ ሊከፍል ተነሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን አገሩን ያገኘው ራሱን ለሌሎች አሳልፎ በሰጠ ጊዜ ነው።

ደራስያኑ ከጥቁሩ ጠባቂ ውድቀት በኋላ ለተርሎ በቂ ሥራ ባለመስጠታቸው ይወቀሳሉ፤ እኔም ወቀሳው ተገቢ ነው እላለሁ። ስለ ክሕደት ያስተማሩት ትምህርት ግን የጸና ነው። የከሐዲን ምክንያት ማወቅ ክሕደቱን ንጹሕ አያደርገውም፤ ተርሎ ድንጋዩን ያነሣው በገዛ ፈቃዱ ነውና። ነገር ግን ምክንያቱን ያወቀ ዳኛ ለንስሓ በር ይተዋል፤ ዶክተሩ ተርሎን በመጀመሪያው ጥርጣሬ አባሮት ቢሆን ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚያድነውን ሰው ባጣ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ባልንጀራህ ቢያሳዝንህ፣ ከመፍረድህ በፊት ማን እንዳስፈራራውና ምን እንደናፈቀ ጠይቅ።