የቡችላ አስተዳደግና ከሰው ጋር የማላመድ ሥራ፦ ለውሻ አርቢዎችና ቡችላ ለሚረከቡ ዜጎች የቀረበ መረጃ

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ቤትንና ከብትን ለመጠበቅ ነው። አንድ ውሻ አድጎ የሚኖረው ጠባይ ከዘሩ በተጨማሪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የዕድሜ ወራት ባገኘው አያያዝ ይወሰናል። ከዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በአርቢው እጅ በመሆኑ ኃላፊነቱ በቅድሚያ የአርቢው ነው። በፍርሃት ያደገ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም፤ ሕፃናትንና መንገደኞችን ለመንከስ ግን ቅርብ ነው።

1. ከልደት እስከ ሁለተኛ ሳምንት

ቡችላ ሲወለድ አያይም፣ አይሰማም፣ የሰውነቱን ሙቀትም በራሱ መጠበቅ አይችልም። ስለሆነም የመውለጃው ስፍራ ደረቅ፣ ነፋስ የማይገባበትና በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያለው ሊሆን ይገባል። እንገሩ በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚሰጥ እያንዳንዱ ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ መጥባቱ መረጋገጥ አለበት። ሽንትና ዓይነ ምድር የሚወጣው እናቲቱ ስትልሰው በመሆኑ ያለ በቂ ምክንያት ከእናቱ ሊለይ አይገባም።

ቡችሎችን በየቀኑ መመዘን የችግርን ምልክት ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል። ክብደቱ የማይጨምር ወይም ያለማቋረጥ የሚያለቅስ ቡችላ በፍጥነት ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። እናቲቱ የሞተችባቸው ቡችሎች የላም ወተት ብቻ ሊሰጣቸው አይገባም፤ የላም ወተት ከውሻ ወተት ያነሰ ስብና ፕሮቲን ስላለው ምትክ አመጋገቡን በሚመለከት ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

2. ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ሳምንት

ዓይን ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ጆሮም ጥቂት ቆይቶ መስማት ይጀምራል። ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንሥቶ ቡችላው በዙሪያው ያለውን ዓለም መለየት ይጀምራል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመድበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥረት ብዙ ድካም የሚጠይቅ፣ ውጤቱም አነስተኛ ነው።

በመሆኑም አርቢው የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይጠበቅበታል፦

• እያንዳንዱን ቡችላ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ማቀፍ፤ ጆሮውን፣ አፉንና መዳፉን በዝግታ መነካካት፤
• ከወንዶች፣ ከሴቶች፣ ከአረጋውያንና በአዋቂ ክትትል ሥር ካሉ ሕፃናት ጋር ማገናኘት፤ ጋቢ የለበሰ፣ ጃንጥላ የያዘ ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እንዲያይ ማድረግ፤
• የሞተር፣ የዕቃ መውደቅና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፅ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲሰማ ማድረግ፤
• በአፈር፣ በሣርና በሲሚንቶ ላይ እንዲራመድ ማድረግ፤
• ቡችላው ሲፈራ አለማስገደድ፣ አለመምታትና አለመጮኽ፤ ይልቁንም ራቅ አድርጎ ምግብ በመስጠት እንዲረጋጋ መርዳት።

ቡችሎች እርስ በርስ ሲጫወቱ ጠንክሮ የነከሰ ቡችላ ጨዋታው ይቋረጥበታል። የአፉን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ወር እንደሞላው ከእናቱ የሚወሰድ ቡችላ ይህን ትምህርት ያጣል። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይገባም።

3. አመጋገብ

ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ የላላ ምግብ በጥቂቱ እየተሰጠ ጡት ማስጣል ይጀመራል። ሽንኩርት ለውሻ መርዛማ በመሆኑ የወጥ ትራፊ መስጠት ተገቢ አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት የከብት ወይም የበግ ጉበትና ሳንባ በጥሬው ለውሻ ሲሰጥ፣ ወደ ሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዝርያ በውሻው አንጀት ይራባል። ይህን ዓይነቱን የሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል።

4. መድኃኒትና ክትባት

ቡችላ የሆድ ትል ከእናቱ ይዞ ሊወለድ ስለሚችል የትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በባለሙያ ትእዛዝ ይሰጠዋል። የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይደጋገማል። ክትባቱ እስኪሟላ ድረስ ቡችላውን ያልተከተቡ ውሾች በሚመላለሱበት መሬት ላይ መልቀቅ አደገኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ታቅፎ መንገድና ሰው እንዲያይ ማድረግ ይቻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በመደበኛነት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ይደገማል። በዓለም ላይ ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ አማካይነት ነው። ቡችላም በሽታውን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ትንሽ ነው ተብሎ ንክሻው ሊናቅ አይገባም።

5. ቡችላ ለመረከብ ለሚፈልጉ

ተረካቢው እናቲቱን፣ ቡችሎቹ ያደጉበትን ስፍራና የክትባት ካርዱን ማየት ይኖርበታል። ሰው ሲቀርበው የሚሸሸግ ወይም ሲነካ የሚደነግጥ ቡችላ በቂ የማላመድ ሥራ ያልተሠራለት ሊሆን ይችላል። ከርክክብ በኋላም ማላመዱ መቀጠል አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚያድግ ቡችላ ያገኘውን መልካም ጠባይ ያጣል።

6. ንክሻ ሲያጋጥም

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የመዳን ዕድል የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በወቅቱ ከተጀመረ ግን ሕይወት ያተርፋል። የነከሰውን ውሻ ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀናት ለይቶ መከታተልና በአቅራቢያ ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ማሳወቅ ይገባል።