ከሻደይ ሜዳ እስከ ሲድኒ፦ ከወሊድ በኋላ ስላለው ጉልበት



በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ሲፈታ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ወረዳዎች ሻደይ ይጀምራል። ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ለቀናት ይጫወታሉ። እኛም በጊዜያችን አስረነዋል። ስለ ጤና በተወያየን ቁጥር ደጋግሞ የሚነሣው ነገር ግን ይህ ነው፦ ብዙዎቻችን ሰውነታችንን ለራሳችን ብለን ያንቀሳቀስነው ለመጨረሻ ጊዜ በሻደይ ነበር። ካገባንና ከወለድን ወዲህ ጉልበታችን የሥራ ብቻ ሆነ። ወገብ ይታመማል፣ ዳገት ያደክማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት እናት «እኔማ አርጅቻለሁ» ስትል ሰምተን ዝም ብለን እናልፋለን።

«ሴት ከወለደች አበቃላት» የሚለው አባባል በእኛ አገር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በስፖርቱም ዓለም ለረጅም ጊዜ ሲታመንበት የኖረ ነው። ይህን እምነት በአደባባይ ካፈረሱት እናቶች አንዷ ደግሞ የገዛ አገራችን ልጅ፣ የአርሲ በቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ናት።

ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ነጭ ሯጭ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ምስል ዛሬም አይረሳም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ አራተኛ ወጣች፣ ያለ ሜዳሊያም ተመለሰች። በፈረንጆቹ 1998 ሴት ልጇን ወለደች፤ ለጊዜውም ከትልልቅ ውድድሮች ራቀች። በመጋቢት 1992 ዓ.ም. ፖርቱጋል፣ ቪላሞራ ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ግን አንደኛ ሆና ተመለሰች።

ቀጥሎ ሲድኒ መጣ። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ደራርቱ በመጨረሻው ዙር ሁሉንም ጥላ ወርቁን ወሰደች፤ ጌጤ ዋሚ ተከትላት ሁለተኛ ሆነች። በ10,000 ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። እኛን ከሜዳሊያው ይልቅ የሚገርመን ሰዓቱ ነው። በባርሴሎና፣ ገና ልጅ ሳትወልድ፣ 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነበር የፈጀባት። በሲድኒ፣ እናት ሆና፣ 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበች። እናቲቱ ወጣቷን በ49 ሰከንድ ያህል በለጠቻት ማለት ነው።

በዚህም አላበቃችም። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች። ያን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት። የዚያን ዕለት ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያዊት ሉድሚላ ፔትሮቫ ደግሞ አርባ ዓመት አልፏት ነበር። ከደራርቱ በኋላ መንገዱ ሰፋ፤ ጥሩነሽ ዲባባ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ወልዳ፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች።

እዚህ ላይ ከአባሎቻችን የሚነሣ፣ ትክክለኛም የሆነ ጥያቄ አለ። «እነሱ ሯጮች ናቸው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንለፋ እንውላለን፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝለን ዳገት እንወጣለን። ከዚህ በላይ ምን ስፖርት አለ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። በደሃናም ሆነ በጋዝጊብላ ተራራ ላይ ይህን የምትሸከም ሴት ጉልበት የላትም የሚል ሰው ዋግን አያውቅም። ሆኖም ልፋትና ልምምድ አንድ አይደሉም። ሯጭ ጠንክራ በሠራች ማግስት ቀለል ያለ ቀን ይኖራታል፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጭነቱም የሚጨመርላት በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ ባለው ዕረፍትና ምግብ ነው። ጀሪካኑ ግን ዕረፍት አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ ጀርባ፣ አንድ ጎን፣ አንድ ዓይነት ጉብጠት። በተለይ ገና አራስ የሆነች ሴት ከባድ ሸክም ስትሸከም ማህፀንን ደግፎ የሚይዘው የዳሌ ውስጥ ጡንቻ ይላላል፤ ለማህፀን መውጣት ከሚያጋልጡት ነገሮችም አንዱ ይኸው ነው። ሽንት ማምለጥ ያስቸገራቸው፣ ግን በኀፍረት ለማንም ያልተናገሩ እናቶች በመካከላችን መኖራቸውን እናውቃለን።

እናቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። አራስን ከሥራ አሳርፎ ገንፎ ማብላት፣ ቅቤ መቀባት፣ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ መጠበቅ ጥሩ ሥርዓት ነው። ችግሩ ሥርዓቱ የሚሠራው ቤት ውስጥ እህልና ረዳት ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው። ደሀዋ አራስ ከክርስትናው በፊት ተነሥታ ወንዝ ትወርዳለች።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጣውና በከተማችን ስም የሚጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የታሰበ ነው። በአገር ደረጃ የሚነገረው ስለ ልጁ ቁመት ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ያ ልጅ የሚያድገው መጀመሪያ በእናቱ ማህፀን፣ ቀጥሎ በጡቷ ነው። በቤታችን መጨረሻ ላይ የምትበላው፣ አንዳንዴም ሌማቱን ጠርጋ የምትተኛው እሷ ናት። ስለዚህ ለአባሎቻችን «ተንቀሳቀሱ» ከማለታችን በፊት «ብሉ» እንላለን። ምግብ ያልቀደመው እንቅስቃሴ ሌላ ልፋት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው መመሪያ፣ የወለዱ ሴቶች የጤና ችግር እስካልከለከላቸው ድረስ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ማለት ነው። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ የሚቻል፣ እየዘፈኑ ግን የማይቻል እርምጃ ነው። ሸክም ሳይያዝ ቀጥ ብሎ፣ እጅን እያወዛወዙ መራመድ ይበቃል። የዳሌውን ጡንቻ ለማጠንከር ደግሞ ሽንትን እንደሚይዙ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ መጭመቅና መልቀቅ፣ ይህንንም መደጋገም ነው። ቡና እየቆሉ ሊሠራ ይችላል፤ ማንም አያይም። ደም የሚፈሳት፣ በቀዶ ጥገና የወለደች ወይም አንዳች ነገር ወደ ታች የሚወርድ የሚመስላት እናት ግን አስቀድማ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትንገር።

ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው አንዳንዴ የሰው ዓይን ነው። ጀሪካን ያልያዘች፣ እንጨት ያልተሸከመች ሴት በጠዋት ፈጥና ስትራመድ «ምን ነካት?» ትባላለች። በአዲስ አበባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የአምስት ኪሎ ሜትር «ቅድሚያ ለሴቶች» ሩጫ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለናል፤ ብዙ ሺህ ሆነው ሲወጡ የሚጠይቅ የለም። እኛ ብዙ ሺህ አይደለንም። አምስትና ስድስት ሆነን ግን መውጣት እንችላለን። በጦርነቱ ከአበርገሌ በኩል ተፈናቅለው ሰቆጣ የመጡ እናቶችም አብረውን እንዲወጡ እንፈልጋለን። መራመድ የጠፋን ቤት አይመልስም፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ ለመጀመር ግን ጎን ለጎን መሄድን የመሰለ ነገር የለም፤ ፊት ለፊት መተያየት የለበትም።

የቀረው ጊዜ ነው፤ በዚህ ደጋፊዎቻችንም ሊያግዙን ይችላሉ። አንድ የውኃ ቦኖ ወደ ሰፈር በቀረበ ቁጥር እናቶች ከጀሪካኑ የሚተርፋቸው ሰዓት አለ። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን ወንፈል እንጠቀማለን፤ እርሻና አጨዳ በወንፈል ከተሠራ ልጅ መጠበቅም ይሠራል። ሦስቱ ሲራመዱ ሁለቱ የሁሉንም ልጆች ይይዛሉ፣ በማግስቱ ይቀያየራሉ። ተራውን የሚጽፍ ደብተር በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጧል፤ ስማችሁን አስመዝግቡ።