ውሃ የሌላት ደሴት

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ የትም ካፌ ብትቀመጡ ወሬው ቀይ ባሕር ነው። ማኪያቶው ሳይቀርብ ካርታው ይዘረጋል፤ አንዱ በስልኩ ያሳያል፣ ሌላው ናፕኪን ላይ በእስክሪብቶ ይስላል። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢጦፍ ሁሉም የሚስማማባት አንዲት ቃል አለች፤ «ስትራቴጂክ ቦታ»። አወራራችን እንደ ቤት ካርታ ነው። አንዴ በእጅህ ከገባ ዋጋው እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ የማይሄድ ንብረት! እኔ ይህን ነገር መጠራጠር የጀመርኩት ስለ አንዲት ደሴት ካነበብኩ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቷን ፈረንጆች ፔሪም፣ የመኖች ደግሞ ሚዩን ይሏታል። ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተቀመጠችው ግን በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ አፍ ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋውን ሰርጥ ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው መተላለፊያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀሪው ሰፊው ክፍል በጅቡቲ በኩል ነው። ካርታ ላይ ላያት የዓለም ቁልፍ የተሰቀለባት ምስማር ትመስላለች። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ የሚጠጣ ውሃ የላትም።

በ1798 ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ እንግሊዞች በቀይ ባሕር ዞሮ ህንድን ይነካብናል ብለው ደነገጡ። በ1799 ወታደሮች አምጥተው ፔሪም ላይ አሰፈሩ። ወታደሮቹ ጥቂት ወራት ተጠምተው ከረሙና ጥለዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይህችን «ስትራቴጂክ» ድንጋይ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ቦታዋ ያው ነው፣ ሰርጡም ያው ነው። የሚፈልጋት ግን ጠፋ።

ያስታወሷት ሱዌዝ ላይ ቦይ ሊቆፈር ነው የሚለው ወሬ ሲጠና ነው። በ1857 እንግሊዞች ተመልሰው ያዟት። ስለዚህ የሚወራ አንድ ጨዋታ አለ። ፔሪምን ሊይዝ የሚሄድ የፈረንሳይ መርከብ አዛዥ ኤደን ላይ ያርፋል፤ የእንግሊዙ ሹም እራት ይጋብዘዋል። ፈረንሳዊው ወይኑ ሞቅ ሲያደርገው ምስጢሩን ይዘከዝካል። ሹሙ በቁራጭ ወረቀት ትእዛዝ ጽፎ ከጠረጴዛው ሥር ያሻግራል፤ እንግዳው በማግስቱ ፔሪም ሲደርስ የእንግሊዝ ባንዲራ ይውለበለባል። የታሪክ ሰዎች ብዙም አያምኑትም። እኔ ግን ጨዋታው ራሱ የዘመኑን ጥድፊያ ስለሚያሳይ እወደዋለሁ።

ጥድፊያው እውነት ነበርና። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክ ላይ ተፈራረመች። ጣልያናዊው ሚሲዮናዊ ጁሴፔ ሳፔቶ ሩባቲኖ ለሚባለው የመርከብ ኩባንያ አሰብን ከአካባቢው ሱልጣኖች ለመግዛት የተዋዋለው በ1869፣ ኖቬምበር 15 ነው። የሱዌዝ ቦይ የተመረቀው ኖቬምበር 17! አስፋልት ሊወጣ ነው ሲባል ቀድሞ መሬት የሚገዛ ደላላ ታውቁ የለ? እሱ ነው።

ታዲያ ከነዚህ ሁሉ ገዢዎች ማን አተረፈ? ኦቦክ ወደቡ አልመች ስላለ ፈረንሳዮቹ ከ1888 ጀምሮ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ጅቡቲን ጅቡቲ ያደረጋት ደግሞ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው፤ ማለትም ከኋላዋ ያለው ገበያ። ፔሪም ከ1883 ጀምሮ የድንጋይ ከሰል መሙያ ሆና ለጥቂት አሥርት ዓመታት ደመቀች። መርከቦች ከሰሉን ትተው በዘይት መሄድ ሲጀምሩ በ1936 ንግዷ ተዘጋ። በጦርነት አልተሸነፈችም፤ ሞተር ተቀየረና አለቀላት።

የኤደን ታሪክ ግን ከሁሉም ይመራል። እንግሊዞች በ1839 የያዟት ኤደን በ1950ዎቹ በዓለም ላይ ሥራ ከሚበዛባቸው ወደቦች አንዷ ነበረች። መርከቦች እየተሰለፉ ነዳጅ ይቀዱባት ነበር፤ በ1954 ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተላት፤ መንገደኛው ወርዶ ሱቅ ለሱቅ ይዞር ነበር። በጁን 1967 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ፈነዳና የሱዌዝ ቦይ ተዘጋ። ከኤደን በጣም ሩቅ የተደረገ ጦርነት ነው። መርከቦቹ ግን በደቡብ አፍሪካ መዞር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እንግሊዝ ለቃ ወጣች፤ አዲሱ መንግሥት የተረከበው መርከብ የራቀው ወደብ ነበር። ቦዩ እስኪከፈት ስምንት ዓመት ፈጀ። ኤደን ካርታው ላይ ካለችበት አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም፤ ያ ድምቀቷ ግን አልተመለሰም።

አሰብንማ እኛው እናውቃታለን። እስከ 1998 ድረስ የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ዋና በር ነበረች። ጦርነቱ ተነሣ፣ መኪኖቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ፣ ወደቧ ጭር አለ። ከ2015 ጀምሮ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ለየመን ጦርነት ሰፈር አደረገቻት፤ በ2021 ነቃቅላ ሄደች። ያለ ኢትዮጵያ አሰብ ምን ያህል ወደብ ናት? ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅም ይቻላል፤ ካፌ ውስጥ የሚጠየቀው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ካርታ ሣዮቹ የሚስቷት አንዲት ነገር አለች። አሰብና ምፅዋ ከሰርጡ ውስጥ፣ በቀይ ባሕር በኩል ናቸው። ጅቡቲ ግን ከሰርጡ ውጭ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት። ከቻይና የተነሣ ኮንቴይነር ጅቡቲ ለመድረስ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ አያስፈልገውም። ከአውሮፓ በሱዌዝ የሚመጣው ግን የግድ ያልፋል። በኖቬምበር 2023 ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ሲይዙና ሌሎችን በሚሳይልና በድሮን መምታት ሲጀምሩ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች እንደ 1967ቱ በደቡብ አፍሪካ መዞር ጀመሩ። በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው የሱዌዝ ቦይ በ2024 ያገኘው 4 ቢሊዮን ያህል ነው። ካይሮ የከሰረችው ከእሷ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በተተኮሱ ድሮኖች ነው። በ1967 ሱዌዝ ተዘግቶ ኤደን እንደደኸየችው ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ደቡቡ ተዘግቶ ሰሜኑ ከፈለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ ከ2011 ጀምሮ የጃፓን፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የቻይና ጦር ሰፈር ነበር። ብልጥ አከራይ ናት፤ አንዱ ተከራይ ቢወጣ ሌላው አለ። ቢሆንም ኪራይ የሚከፈለው ሰው በዚያ በር ማለፍ እስከፈለገ ድረስ ብቻ መሆኑን ከኤደን በላይ የሚነግራት ጎረቤት የላትም።

ፔሪምስ? በ2021 ከሳተላይት በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ አዲስ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ታየባት፤ ርዝመቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። መጀመሪያ የእኔ ነው ያለ አልነበረም። ኋላ ላይ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚመራው ጥምር ጦር ደሴቷ ላይ ያለው መሣሪያ በእሱ ቁጥጥር ሥር መሆኑን አስታወቀ።